የግራ እግር ፈተና

በመኪናዋ ወለል ቀዳዳ በኩል የሚታያት የአባቷ የግራ ጫማ ሶል ብቻ ነበር። አዲስ ጫማ ነው፤ ለሠርጉ ተብሎ የተገዛ፣ ገና አቧራ እንኳ ያልጠገበ። በጀርባዋ ተንጋላ፣ የእጅ ባትሪዋን አገጯ ስር ሸጉጣ፣ ሶሉ ቀስ እያለ ወደ ታች ሲመጣ አየች። ፔዳሉ ወረደ፣ ወረደ፣ ከወለሉ ቆርቆሮ ጋር ተላተመና ቀዳዳውን ግጥም አድርጎ ዘጋው። እግሩ አልተንቀጠቀጠም። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ እግር ነው ቢሏት ባላመነች ነበር።

«መሬት ነክቷል አይደል?» አሉ አባቷ ከላይ።

«አልነካም» አለች። «ሦስት ጣት ይቀረዋል።»

ሶሉ ተነሣ፣ ደግሞ ወረደ፣ ደግሞ ቆርቆሮውን መታ። የዛገ ብናኝ ዓይኗ ውስጥ ገባ።

«አሁንስ?»

«ያው ነው አባባ። እስከ መጨረሻው አልረገጡትም።»

ውሸቱ እንዳሰበችው አልከበዳትም። የሚከብደው የመጀመሪያው ነው ይባላል፤ እሷ የመጀመሪያውንም እንደ ውሃ ነው ያወረደችው።

መኪናዋ የዘር ሐረጓ የተምታታ ፍጥረት ነበረች። አካሏ አባቷ በጎረምሳነታቸው የገዙት ያረጀ የቤት መኪና ነው። የራሷ ሞተር ሲሞት የዳቦ ማመላለሻ መኪና ሞተር ጫኑባት፤ ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር አልስማማ ሲል ደግሞ ካምቢዮውን ከሌላ የመኪና ሬሳ ፈትተው አመጡ። ፋብሪካው የሰጣት የፍሪሲዮን ማያያዣ ከዚህ ሁሉ ጉድ ጋር አልገጥም ስላለ፣ ራሳቸው አንድ የብረት ዘንግ ቀጥቅጠው፣ ወለሉን በስተው፣ ፔዳሉን ከታች ፍሪሲዮኑን ከሚያላቅቀው ሹካ ጋር አጋቡት። በዘንጉ ጫፍ ላይ አንዲት ዳዶ አለች። ስትጠብቅ ፔዳሉ ከላይ ጀምሮ ይይዛል። ስትላላ ግን ፔዳሉ ግማሽ መንገድ ባዶውን ይሄድና፣ ሞተሩን ከካምቢዮው ሳያላቅቅ መሬት ይደርሳል፤ ያኔ ማርሹ ይንጫጫል፣ መኪናዋም እንደ እልኸኛ በቅሎ ትደነብራለች። ይህን የሚናገር መጽሐፍ የትም የለም። የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ከላይ ተቀምጠዋል፣ ሌላዋ ከታች ተንጋላለች።

ዛሬ ጠዋት፣ ጋራዡ ሠራተኛ ሳይገባበት፣ ያቺን ዳዶ ሦስት ዙር ያላላቻት እሷ ናት።

ነገሩን የጀመረው ወንድሟ ነው። ትናንት መጥቶ፣ እጁን ዘይት እንዳይነካው ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆመና «እታለም፣ እባክሽ አንድ ነገር አድርጊ» አላት። የዛሬዋ ሙሽራ የእሱ ልጅ ናት። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ሙሽራ የሚወስዱት አባታቸው ናቸው፤ እህቶቻቸውን ወስደዋል፣ የእህቶቻቸውን ልጆች ወስደዋል፣ እሷንም ራሷን በዚህችው መኪና ወስደዋታል። የልጅ ልጃቸውን ካልወሰዱ ሠርጉም ሠርግ አይደለም፣ እሳቸውም ሰው አይደሉም። ብቻ ዓይናቸው ደክሟል። ባለፈው ወር አንዲት ካሮት የተሸከመች ሴት ላይ ሊወጡ ክንድ ሲቀራቸው አቆሙ፤ ሴትየዋ ካሮቷ መሃል ተቀምጣ ስታለቅስ እሳቸው አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ፍሬኑን አየሽው? ቀጥ!» ብለው ሳቁ።

«ንገራቸዋ!» አለችው ወንድሟን።

«እኔን ይሰሙኛል? አንቺንም ቢሆን አይሰሙሽም። ቁልፉን ደብቂባቸው።»

ሳቋ መጣ። ያቺ መኪና ቁልፍ ኖሯት አያውቅም፤ አባቷ በገጠሙላት የበር ደወል ነው የምትነሣው።

«እንግዲህ አንቺ ታውቂበታለሽ» ብሎ ሄደ። ወንድሟ ሲፈጥረው ሌላ ሰው በሚያውቅበት ነገር የሚኖር ነው።

እሷም ታውቅበት ነበር። በዚህ ጋራዥ ውስጥ የቆየ ፈተና አለ፤ ያወጡት አባቷ ናቸው። አዲስ ሠራተኛ ዓመት ሲሞላው፣ አንድ ጠዋት በድብቅ የአንዱን መኪና ፍሪሲዮን ያላሉና «ቦታ ቀይረው» ይሉታል። ማርሹ ይንጫጫል፣ መኪናው ይዘላል፣ ሞተሩ ይጠፋል። ያኔ መስኮቱን ተደግፈው፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ፍሪሲዮኑ ደህና ነው፤ የተበላሸው እግርህ ነው» ይላሉ። የለም ብሎ ወርዶ፣ ከስር ገብቶ የላላውን ዳዶ ያገኘ አለፈ። አምኖ እግሩን የወቀሰ ወደቀ። ብረት ፊቱ ተቀምጦ ራሱን የሚጠረጥር ሰው መካኒክ አይሆንም ባይ ናቸው።

እሷ ገና ኮረዳ ሳለች ተፈትና ወድቃለች። አባቷን አምና። ቀኑን ሙሉ በሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ጉልበቷ እስኪንቀጠቀጥ፣ ባቷ እስኪቋጠር ስትረግጥ ዋለች፤ ሠራተኛው ምሳውን ይዞ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ እንደ ትርኢት አያት። በመጨረሻ አባቷ ዳዶዋን በሁለት ጣታቸው ይዘው አሳዩዋት። «አባትሽንም ቢሆን እንዳታምኚ» አሉ፤ ትምህርቱ ይህ ነበር። ትምህርቱን ሁሉም ረሳው፣ የወጣላት ስም ግን ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ግራ እግር» ናት። ጋራዡ እጇ ከገባ፣ ጸጉሯም ከሸበተ በኋላ እንኳ ደንበኛ ሲደውል «ግራ እግር አለች?» ይላል።

ለሙሽራዋ ስል ነው እያለች ራሷን ስታሳምን አደረች። ያቺን ባለ ካሮት ሴት ደጋግማ አሰበቻት። ሆኖም ዳዶዋ በጣቶቿ መካከል ስትዞር ደስ አላት፤ መካድ አይቻልም፣ አንጀቷ ነው የራሰው። ብድር በምድር ይሉ የለ። ከደስታው ስር ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ይደርሱብኛል ብላ ነበር። አንዴ ይረግጣሉ፣ ሁለቴ ይረግጣሉ፣ ከዚያ ወርደው «አንቺ ግራ እግር፣ ዳዶዬን ምን አደረግሻት?» ብለው ይጮሁብኛል፤ እኔም እስቃለሁ፣ እሳቸውም ይስቃሉ፣ በዕድሜያችን አንድ ጊዜ እኩል እንሆናለን ብላ ነበር።

አባቷ ረፋዱ ላይ ሱፍ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው መጡ። ከአስፋልቱ ወዲህ ያለውን ቦይ በአንድ ርምጃ ተሻገሩት።

«አንተ፣ አሁንም አልሞትክም?» አሉት በያጁን።

«እርስዎን ሳልቀብርማ የት እሄዳለሁ ጋሼ!» አላቸው። በያጁ ጋራዡ ሲከፈት ጀምሮ የነበረ ሰው ነው፤ ሰላምታቸው ሁልጊዜ ይኸው ነው።

ታጥባ፣ ኮፈኗ ላይ ነጭ ሪባን የተሳበላት መኪና ውስጥ ገብተው ደወሉን ተጫኑ። ማርሹ ጮኸ። ፊታቸው ተቋጠረ። አጥፍተው «ግቢና እይልኝ» አሏት። ወገባቸው መታጠፍ ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ ከመኪና ስር ያለውን ዓለም የሚያዩት በእሷ ዓይን ነው።

እንዲህ ነው ከስር የገባችው።

ሽማግሌው ሥራቸውን ያውቁ ነበርና በቀላሉ እጅ አልሰጡም። «ፔዳሉ እኮ ባዶውን ነው የሚወርደው» አሉ። «እስከ ግማሽ ድረስ ምንም አይሰማኝም። ዘንጉን እይልኝ፣ አልላላም?»

ዘንጉ አፍንጫዋ ስር ነበር። በእያንዳንዱ ርግጫ ወዲህ ወዲያ ይወዛወዛል፤ እጇን ብትሰድ ዳዶዋን ትነካታለች።

«አልላላም። እንደ ድሮው ነው።»

«ሹካውስ? ስረግጥ ይሄዳል?»

«እስከረገጡት ድረስ ይሄዳል።»

ወደ እግራቸው ጎንበስ ብለው ሊያዩ ሲሞክሩ የወንበሩ ሞላ ሲጢጥ ሲል ሰማች። ወገባቸው እንቢ አላቸው። ቃተቱና ቀና አሉ።

«በይ ውጪ፣ ሞተሩን ላስነሣው። ከስር እንዳትሆኚ።»

ወጣች። የዳቦ መኪናው ሞተር ጓጎረና ረጋ። አባቷ ፔዳሉን ረግጠው ትንሽ ጠበቁ፤ ውስጥ የሚሽከረከረው እስኪቆም መጠበቅን ለስንቱ አስተምረዋል። ከዚያ ማርሹን ወደ ኋላ ሳቡት። ጥርስ በጥርስ ላይ ተፋጨ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ሳይቀር አብሮ ጮኸ። ደገሙት። ሲያቅታቸው በጉልበት አስገቡት፤ መኪናዋ እግራቸው ገና ፔዳሉ ላይ እያለ ወደ ኋላ ዘላ የአሮጌ ጎማ ክምር ገጨችና ሞተሯ ጠፋ።

በያጁ ቀና አለ። ያን ድምፅ ያውቀዋል፤ ስንት ሰው ሲፈተን ሰምቶታል። መኪናዋን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ከዚያ እሷን ለረጅም ጊዜ አያት። አንዲት ቃል ቢተነፍስ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ጭምብሉን ወደ ፊቱ አወረደና ብየዳውን ቀጠለ።

«ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም» አሉ አባቷ። «ተረግጦ ሳለ እንዴት ትዘላለች?»

እዚህ ላይ ዝም ብትል ይበቃ ነበር። ዝም ብትል ሌላ ሰው ጠርተው ዘንጉን ባሳዩት ነበር። እሷ ግን ሄዳ መስኮቱን ተደገፈች፤ ልክ እሳቸው ድሮ እንደሚደገፉት፣ ክንዷን በሩ ላይ አሳርፋ፣ ድምፅዋን ለጋራዡ ሁሉ እንዲሰማ ከፍ አድርጋ።

«ፍሪሲዮኑ ደህና ነው አባባ። የተበላሸው እግርዎ ነው።»

ጠበቀች። የራሳቸው ቃል ነው፤ አሁን ይነቁብኛል አለች። ሽማግሌው መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ፊት ያያሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እያሰሉ ነበር፣ ስሌቱንም ከፊታቸው ላይ ታነበው ነበር። ፔዳሉ ባዶ ነው፤ ልጄ ግን ዘንጉ ደህና ነው ብላለች። እግሬ መሬት ነክቷል፤ ልጄ ግን አልነካም ብላለች። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። በየትም በኩል ቢሄዱበት የሚያደርሰው አንድ ቦታ ነው። በስሌቱ ውስጥ ያልጠረጠሯት አንዲት ነገር ብትኖር እሷ ነበረች።

«ሦስት ጣት ነው ያልሽው?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«እኔ እኮ መሬት የነካሁ ነው የሚመስለኝ።» ድምፃቸው ተሰብሮ የልጅ ድምፅ ሆነ። «አጥብቄ የረገጥኩ ነው የሚመስለኝ።»

ወረዱ። ሲወርዱ የግራ ጭናቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እግራቸውን እንደ ሰው ዕቃ አንሥተው አወጡት። ያን ቦይ የተሻገረ እግር መሬት ለመሬት ይጎተት ጀመር። አንድ ጎማ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ዘረጉና ጫማውን አውልቂልኝ አሏት። አወለቀችላቸው። ካልሲውንም አወለቀች።

«እስቲ ቆንጥጪኝ።»

ቆነጠጠቻቸው።

«በደንብ!»

በደንብ ቆነጠጠቻቸው። የጥፍሯ ምልክት ስስ ቆዳቸው ላይ ቀልቶ ቀረ።

«ትንሽ ይሰማኛል» አሉ። «ትንሽ ትንሽ።»

ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ ነበር። ራቅ ብላ አነሣችው።

«እታለም፣ ተሳካ?»

«ተሳክቷል።»

«ተመስገን! ጮኹብሽ?»

«አልጮኹም።»

«ይሄን ያህል ቀላል ከሆነማ ቀደም ብለን ባደረግነው ኖሮ» አለና ሳቀ። «በይ አንቺው እየነዳሽ ይዘሻቸው ነይ፤ ልጅቷ ለባብሳ እየጠበቀች ነው።»

ያሸነፈ ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ አላወቀችም። አባቷ ባዶ እግራቸውን አየር ላይ አንሥተው፣ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ለማንቀሳቀስ ሲሞክሩ አየች፤ ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ እሳቸው ግን ራሳቸውን በሐዘን ይነቀንቃሉ። በሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር አድርጋ አታውቅም፤ ከዚህ በፊት ቢነግሯት እኔ አይደለሁም ትል ነበር። የዳዶ መፍቻዋን አንሥታ ተመልሳ ከስር ገባች። ዳዶዋን ሦስት ዙር አጠበቀች፣ መቆለፊያዋን አሰረች። ዘንጉ መወዛወዙን አቆመ። ወጥታ ፊታቸው ቁጢጥ አለች።

«አባባ፣ እኔ ነኝ» አለች። «ጠዋት ያላላሁት እኔ ነኝ። እግርዎ ምንም አልሆነም። መሬት ነክተው ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ፈተናው ነው አባባ። የእርስዎው ፈተና።»

ሽማግሌው ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ ፈገግ አሉ። እጃቸውን ሰድደው ዘይት የነካውን ጉንጯን በመዳፋቸው ዳበሱት። በልጅነቷ ያልዳበሱትን ጉንጭ ነው።

«ቁርጥ እናትሽን» አሉ። «እሷም እንዲሁ ነበረች። ሰው ሲከፋው ካየች ጥፋቱን ወደ ራሷ ታዞረዋለች።»

«አልዋሸሁም! አሁን ነው ያጠበቅኩት!»

«አዎ፣ ልትሸነግዪኝ ከስር ገብተሽ ስትወጪ አይቼሻለሁ። ተይ ልጄ። ዳዶ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ርግጫ አላውቀውም? ያንን ዘንግ እኮ የቀጠቀጥኩት እኔ ነኝ።»

ዞር ብላ «ይጠይቁት! እሱን ይጠይቁት!» አለች በያጁን እያሳየች። በያጁ ጭምብሉን ወደ ላይ ገፋ። ሁለቱንም አየ። ከአባትና ልጅ መሃል የገባ ሰው ምን እንደሚያተርፍ ከዕድሜው የተማረ ሰው ነው።

«እኔ ብየዳ ላይ ነበርኩ» አለ።

ለመነቻቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክሩት አለች፤ ጫማውን አጥልቃ ማሠሪያውን እያሠረች ለመነቻቸው። ለልመናዋ ሲሉ ተነሥተው ገቡ። ፔዳሉን ረገጡ፣ ማርሹ ኮሽታ ሳያሰማ ገባ። ሰሙት! አለች በልቧ፤ አሁን ሰሙት! አባቷ ግን ማርሹን አላዳመጡም። ዓይናቸው እግራቸው ላይ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ዞር ብለው አይተውት የማያውቁትን እግር አፍጥጠው እያዩ፣ አሁን ከዳኝ አሁን ከዳኝ እያሉ፣ መልቀቅ ሲገባቸው ያዙ፣ መያዝ ሲገባቸው ለቀቁ። መኪናዋ ዘላ ሞተሯ ጠፋ። ደገሙት፣ ደግሞ ጠፋ። እንደገና ሲረግጡ ጉልበታቸው የእውነት ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አየሽ?» አሉ። የረታ ሰው ድምፅ ነበር።

ወርደው በመኪናዋ ዙሪያ እየተደገፉ ሄዱና በወዲያኛው በር ገቡ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው አያውቁም። እናቷ እስክትሞት ድረስ የእናቷ ወንበር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የማንም አልሆነም። እሷ መሪውን ይዛ ስትቀመጥ አባቷ አንገታቸውን ወዲህና ወዲያ ሲያወዛውዙ አየች። ያ ትልቅ ሞተር አልገባ ሲል ኮፈኑን ቀድደው ያበጁለት ጉብታ በዚያ በኩል ነው፤ የመስተዋቱን ግማሽ ይሸፍናል።

«ከዚህ እኮ መንገዱ አይታይም» አሉ።

«አይታይም።»

«እናትሽ አንድ ቀን እንኳ አላለችኝም።»

ብላ ነበር። ወደ ሰው ቤት በሄዱ ቁጥር ትል ነበር፤ እሳቸው መሪውን እየጠመዘዙ በፉጨት ያልፉታል፣ እሷም አንድ ቀን መናገሩን ትታ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ መቀመጥ ጀመረች።

«አላለችም» አለች ልጃቸው።

ይህንንም አመኗት።

ከጋራዡ ወጡ። በያጁ ቆሞ እጁን አውለበለበ፤ አባቷ ስላልታያቸው አልመለሱለትም። መንገዱ ላይ ልጆች ሪባኑን አይተው እልል እያሉ ሮጡ። አባቷ መንገዱን ለማየት ጥቂት ከታገሉ በኋላ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሞተሩ መክበድ ሲጀምር፣ ማርሽ ለመቀየር እሷ እግሯን ከማንሣቷ በፊት፣ የእሳቸው የግራ እግር ባዶውን ወለል ረግጦ ወረደ፤ ለስለስ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው። ከዚያ በልኩ፣ ቀስ እያለ ተነሣ። ወደ ሦስተኛ ስትቀይርም እንዲሁ ወረደ፣ እንዲሁ ተነሣ። ያቺን አዲስ ጫማ ከማየት ዓይኗን መንቀል አቃታት። አራተኛው ላይ እጇ እግሯን ቀደመና ማርሹን አንጫጫችው።

እሳቸው ዓይናቸውን አልገለጡም።

«ምንም አይደል ልጄ» አሉ። «ምንም አይደል።»